ከፖሊስ ሻምበልነት ወደ ተፈላጊነት፦ የአንድሬ ስታንደርን ሕይወት እንወያይበት

የከዚራ ልጅ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ በያላችሁበት።

ሰሞኑን ስለ አንድ ሰው ሕይወት ብዙ ሳነብ ነበር። አንድሬ ስታንደር ይባላል። ደቡብ አፍሪካዊ ነው። የፖሊስ ሻምበል ነበር፤ በኋላ አገር ሙሉ የሚያድነው ተፈላጊ ሆነ። የሚያደንቁት ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ በማድነቁ አልስማማም። ለምን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ታሪኩን ላስቀድም። ስለሚረዝም በሁለት እከፍለዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስታንደር የተወለደው በ1946 ነው። አባቱ ሜጀር ጄኔራል ፍራንስ ስታንደር በመንግሥት ዘንድ ስማቸው የሚታወቅ መኮንን ነበሩ። ልጁም ደንብ ልብስ ለበሰ። ፖሊስ ማሠልጠኛ ገባ፣ ቶሎ ቶሎ አደገ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ኬምፕተን ፓርክ የወንጀል ምርመራ ሻምበል ሆነ። ቤት ነበረው፣ ደመወዝ ነበረው፣ ነጭ ስለነበር ደግሞ የዚያን ጊዜው ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ከጎኑ ነበር።

በ1977 አንድ ቀን አውሮፕላን ተሳፍሮ ደርባን ወረደ። መኪና ተከራየ። ዊግ አጠለቀ። ባንክ ገብቶ ሽጉጥ አሳየና ገንዘቡን ይዞ ወጣ። በዚያው ቀን ጆሃንስበርግ ተመለሰ። ማንም አልጠረጠረውም። ማን ይጠርጥረው? ወንጀለኛ አዳኙ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ እንዲሁ ኖረ። የዘረፋቸው ባንኮች ወደ 30 ይጠጋሉ። በምሳ ሰዓቱ ወጥቶ ዘርፎ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያው የተዘረፈው ባንክ ድረስ መርማሪ ሆኖ የሄደበት ጊዜ አለ። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ጠዋት ሽጉጥ የደገነባትን ሴት ከሰዓት በኋላ ወንበር ስቦ፣ ወረቀት ዘርግቶ «ሌባው ምን ይመስላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው።

ያስያዘው የገዛ አፉ ነው። በመንግሥት ደኅንነት ውስጥ ለሚሠራ ጓደኛው ምስጢሩን ነገረው። አብረን እንሥራም አለው። ጓደኛው ለአለቆቹ አመለከተ። የስታንደር መኪና ሲፈተሽ ዊግ፣ አርቲፊሻል ጺምና የሐሰት ታርጋ ተገኘ። በጃንዋሪ 1980 መጀመሪያ ከደርባን ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ባልደረቦቹ ጠብቀው ያዙት። ፍርድ ቤቱ 75 ዓመት ፈረደበት። አብዛኞቹ ቅጣቶች ጎን ለጎን የሚታሰቡ ስለነበሩ በተግባር 17 ዓመት ነበር።

የቀረውን ማታ እጽፋለሁ።

ሳቢያን

አቦ እንዲህ አንጠልጥለህ አትሂድ! ቀጥልልን እንጂ። ይሄን ሰውዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የከዚራ ልጅ

እሺ፣ ቀጠልኩ።

የታሰረው ከፕሪቶሪያ በስተ ምሥራቅ ባለው ዞንደርዋተር በሚባል ጥብቅ እስር ቤት ነው። እዚያ አለን ሃይልና ሊ ማኮል ከሚባሉ ሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ተዋወቀ። ኦገስት 11 ቀን 1983 ስታንደርና ማኮል ከሌሎች እስረኞች ጋር ለፊዚዮቴራፒ ከግቢ ውጭ ተወሰዱ። ከባለሙያዋ ጋር ብቻቸውን የቀሩበትን ሰዓት ተጠቅመው አመለጡ።

የሚገርመው ሸሽተው አለመቅረታቸው ነው። ኦክቶበር 31 ላይ ተመለሱ። ሃይል የእጅ ሙያ ፈተና ሊፈተን ኦሊፋንትስፎንቴይን ወደምትባል ቦታ ተወስዶ ነበር። መሣሪያ ይዘው ገቡና አስወጡት።

ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ ሆኑ። ጋዜጦቹ «የስታንደር ቡድን» አሏቸው። እስከ ጃንዋሪ 1984 መጨረሻ ድረስ ባንክ ለባንክ ዞሩ። በአንድ ቀን አራት የዘረፉበትም ጊዜ ነበር። መደበቂያቸው ሃውተን በተባለ የጆሃንስበርግ የሀብታሞች ሰፈር ነበር። ኬፕ ታውን ላይ በባሕር መሸሻ የሚሆን ጀልባም ገዙ።

ስታንደር ቀደም ብሎ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ገባ። ጃንዋሪ 30 ላይ ፖሊስ የሃውተኑን ቤት ከበበ። ማኮል እዚያው ተገደለ። ሃይል አምልጦ ግሪክ ገባ።

ስታንደር ፎርት ላውደርዴል በምትባል ከተማ በሐሰት ስም፣ አውስትራሊያዊ ነኝ እያለ ይኖር ነበር። ከአንድ ነጋዴ ያገለገለ ፎርድ ሙስታንግ ገዛ። መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆመው። የመኪናው ምዝገባ የተስተካከለ አልነበረም፤ መንጃ ፈቃዱም የሐሰት ነበር። ማን እንደሆነ ሳያውቁ እሱን ለቀቁት፣ መኪናውን ያዙ። እሱ ግን የተያዙ መኪናዎች የሚቆሙበት ግቢ ሰብሮ ገብቶ መኪናውን አወጣ። ከዚያ ወደ ሻጩ ሄዶ ቀለሙን ቀይርልኝ አለ። ሻጩ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ፎቶውን አየ።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1984 ፖሊስ አፓርታማውን ከቦ ሲጠብቅ ስታንደር በብስክሌት መጣ። ከአንድ ፖሊስ ጋር ተያያዘ። በትግሉ መሃል ተመታ። እዚያው መግቢያው ላይ ደሙ ፈሶ ሞተ። 37 ዓመቱ ነበር። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1976 መሆኑ ነው።

አሁን የእኔ ሐሳብ። ሰዎች «መንግሥትን የሸወደ ጀግና» ይሉታል። እኔ ግን የሸወደው የሚያምኑትን ሰዎች ነው ባይ ነኝ። ዘረፋው የተሳካለት ደፋር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሻምበል ስለሆነ ነው። የሕዝብ እምነት ነው መሣሪያው። እናንተስ?

የቀፊራው

ወንድሜ ታሪኩን በደንብ አቅርበኸዋል፤ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ዘለልክ። ቴምቢሳን ለምን ተውከው?

በ1976 ሶዌቶ ላይ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ወጡ። ጁን 16 ነው የተጀመረው። ተኩስ ተከፈተባቸው። አመፁ ወደሌሎች የጥቁር ሰፈሮችም ተዛመተ፤ አንዷ ቴምቢሳ ናት። ስታንደር እዚያ ተሰማርቶ እንደነበረና ባልታጠቁ ሰዎች ላይ የተተኮሰው ተኩስ ውስጡን እንደሰበረው ይነገራል። መዝረፍ የጀመረው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ይሄ በአጋጣሚ ነው?

እኔ ዘረፋውን ትክክል ነው አላልኩም። ግን አንድ ሰው ያገለገለው መንግሥት ገዳይ መሆኑን በዓይኑ ካየ በኋላ እንዴት ነው በሰላም ቢሮው ገብቶ የሚቀመጠው? አንዳንዱ ይጠጣል። አንዳንዱ ራሱን ያጠፋል። እሱ ደግሞ ያንን መንግሥት መልሶ መታ። በእኛም አገር በደል ሲበዛበት ጠመንጃውን ይዞ ጫካ የገባ ስንት ሰው አለ። ዘፈን ወጥቶላቸዋል፤ ፎክረንባቸዋል። ለእነሱ ያዘነ ልብ ለዚህ ሰው ለምን ይጨክናል?

ከጄፒ ተመላሽ

እኔ ደቡብ አፍሪካ ኖሬያለሁ። ጆበርግ፣ ጄፒ ነበርኩ፤ ሐበሻው የሚነግድበትን ሠፈር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከቦታው ልነሳ።

ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ የሄደ ሰው ኬምፕተን ፓርክን ሳያውቃት ረግጧታል። ኦ.አር. ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው እዚያ ነው። ድሮ ጃን ስመትስ ይባል ነበር፤ ስታንደር የተያዘውም እዚያው ነው። ቴምቢሳ ደግሞ ከዚያ ብዙም አትርቅም። ኦሊፋንትስፎንቴይንም ጎኗ ናት። ይሄን የምለው ሁሉም ነገር የተፈጸመው በአንድ አካባቢ መሆኑን እንድታዩት ነው። ነጩ ሻምበል በአንድ ወገን፣ ያለ መታወቂያ ወረቀት ከተማ መግባት የማይፈቀድለት ጥቁር በሌላ ወገን።

የቀፊራው ያነሳውን የቴምቢሳ ወሬ የማያምኑት አሉ። እኔም አላምነውም። እውነት ነው ብንል እንኳ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከባንክ ከወሰደው ራንድ ውስጥ ቴምቢሳ የገባ አለ? ልጇ የተገደለባት አንዲት እናት ሳንቲም አይታለች? ገንዘቡ የሄደው ለመኪና፣ ለሃውተን ቤት፣ ለጀልባ ነው። የአፓርታይድን ግፍ ተቃውመው ሥልጣንና ምቾታቸውን የተዉ ነጮች ነበሩ። እነሱ ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። ባንክ አልዘረፉም።

ሱቅ ነበረኝ። ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ተደግኖ ያውቃል። ቃሌን ልሰጥ የሄድኩበት ቦታ የተቀበለኝን ፖሊስ ዓይን ዓይኑን ነበር የማየው። ይሄ ሰው ከነሱ ጋር ይሆን? እያልኩ። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእኔ በፊት የተዘረፉ ሰዎች የሚያወሩትን ሰምቼ ነበር። ያን ጥርጣሬ ይዞ መኖር ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ከዘረፋው ይብስ ነበር። ሌባ ቢመጣብህ ፖሊስ ትጠራለህ። ፖሊሱን ካላመንከው ማንን ትጠራለህ?

ሳቢያን

እዚህ ጋ ልብ ይነካል። አይዞህ ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ለአገርህ አበቃህ።

ካሸሯ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ባንክ መስኮት ላይ ነው የምሠራው። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ድሬ ትንሽ ናት። ስለ ባንክ ዘራፊ ስታወሩ «ባንኩ» እያላችሁ ነው የምታወሩት። ሰው የሌለበት ቤት አስመሰላችሁት። ሽጉጥ የሚደገነው በባንኩ ላይ አይደለም። ካሸር ላይ ነው። ደመወዝዋን ቆጥራ ቤት ኪራይ ከፍላ ለእናቷ ሽሮና በርበሬ የምትገዛ ሴት ላይ ነው።

ሥራችን እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጠዋት ገንዘብ ፈርመን እንረከባለን። ማታ ቆጥረን ፈርመን እናስረክባለን። ዋናው ካዝና በአንድ ሰው አይከፈትም፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ። ጉድለት ከተገኘ የመጀመሪያው ዓይን የሚያርፈው እኛ ላይ ነው። ዘረፋ ሲደርስም እንደዚያው ነው። መርማሪ ማን እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ? የውስጥ ሰውን። «ማን ነገራቸው? ለምን ደወሉን አልነካሽም? ለምን ያን ያህል ገንዘብ መስኮትሽ ላይ ነበር?» ይሄ የተለመደ አሠራር ነው፤ መጠየቅም አለበት።

አሁን እኔን ያመመኝን ልንገራችሁ። ያን ጥያቄ የሚጠይቃት ራሱ የዘረፋት ሰው ነው። እጇ እየተንቀጠቀጠ ትመልስለታለች። ፊቱን አላየሁትም ትላለች። እሱ ይጽፋል። ፈርሚ ይላታል፤ ትፈርማለች። ምናልባት ውኃ አምጡላት ብሎም ይሆናል። ከዚያ ፋይሉን ዘግቶ ይሄዳል። ሌላው ሰው፣ ጥበቃው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ባልደረባዋ፣ ለወራት በጥርጣሬ ይተያያሉ። ማን አበላሸን እየተባባሉ። እሱ ግን መልሱን ያውቃል። አጠገባቸው ቆሞ ያውቃል።

የቀፊራው፣ አንተን አከብርሃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነገር ትጽፋለህ። ግን «ያንን መንግሥት መልሶ መታ» ያልከው አልዋጥልኝ አለ። መንግሥትን አልመታም። መስኮቱ ኋላ ያለችውን ሴት ነው የመታው።

የቀፊራው

እህቴ፣ የምትይው ገብቶኛል። ስለ ካሸሯ ያልሽው ላይ ክርክር የለኝም። ስለ ሥርዓቱ ግን ያልኩትን አልመልስም። ያንን ያህል ግፍ የፈጸመ ሥርዓት ያሰማራቸው ወጣቶች አእምሮ ላይ ምን እንዳደረገ መጠየቅ አለብን። ማውገዝ ቀላል ነው። እንዴት ተፈጠረ ማለቱ ነው የሚከብደው።

ጡረተኛው ፖሊስ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ክርክራችሁን ሁለት ቀን ተከታተልኩት። ሥራው የእኔ ስለነበር ጥቂት ልበል።

እኔ በደርግ ጊዜ እዚሁ ድሬዳዋ ተመድቤ ሠርቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ለገሃር አካባቢ ነበርኩ። ባቡሩ ወደ ጅቡቲ በደወሌ በኩል ስለሚወጣ፣ ከመላ አገሪቱ የሸሸ ሰው ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ላይ ነበር። አንዳንዱ በእርግጥ ወንጀለኛ ነው። አንዳንዱ ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ምስኪን ነው። ሁለቱን መለየት የሥራችን ከባዱ ክፍል ነበር። ስለዚህ ስለ ተፈላጊ ሰው ጠባይ ትንሽ አውቃለሁ።

ፖሊስ የነበረ ሰው ሲሸሽ ከሌላው ሰው የሚበልጥበት ነገር አለ። ፈረቃ መቼ እንደሚቀየር ያውቃል። ኬላ የት እንደሚጣልና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚላላ ያውቃል። ስልክ ከተደወለ በኋላ መኪና ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅ በልቡ ይዟል። ተጠርጣሪ ሲጠየቅ ምን ብሎ እንደሚሳሳት ስለሚያውቅ እሱ ያን አይልም። ስታንደርና ጓደኞቹ በአንድ ቀን አራት ባንክ መዝረፋቸው በዚህ ነው። ፖሊስ አንደኛው ባንክ ሲደርስ እነሱ ሦስተኛው ላይ ናቸው። ዕድል አይደለም፣ የአሠራር ዕውቀት ነው።

የሚሸነፍበት ደግሞ ሌላ ነው። ኬላ ማለፍ ይችልበታል፤ ተደብቆ መኖር ግን ማንም አላስተማረውም። ሰው ስም ያስፈልገዋል። ቤት ሲከራይ ስም፣ መኪና ሲገዛ ስም፣ ሲታመም ስም። እሱ ደግሞ ስሙን ጥሎ ነው የሄደው። እዩት እንግዲህ፤ ጄኔራሎች ያላስያዙት ሰው በመኪና ምዝገባ ተጠመደ። መኪናው ሲያዝበት ደግሞ ትቶት መሄድ ነበረበት። ሌላ ተፈላጊ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ስታንደር ራሱ «ይሄ ሞኝ» ይለው ነበር። አላስቻለውም። ግቢ ሰብሮ አወጣው። ከዚያም መኪናውን ወደሚያውቀው ብቸኛ ሰው ይዞ ሄደ።

እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁትም ይሄንኑ ነው። ሰው ይሸሻል፣ ይሰወራል፣ ከዚያ ለለቅሶ ይመጣል። ልጁን ሊያይ ይመጣል። የለመደውን ሻይ ቤት ፍለጋ ቀፊራ ብቅ ይላል። ብዙዎቹን ያስያዘን የእኛ ብልሃት አልነበረም።

ስለ ጓደኛው ጉዳይም ልናገር። አሳልፎ ሰጠው ብላችሁ እንዳትወቅሱት። ጓደኛህ መጥቶ ባንክ እንዝረፍ ሲልህ ዝም ብትል ተባባሪ ነህ። እኔ በቦታው ብሆን አመለክታለሁ። ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ግን አመለክታለሁ።

የመጋላ እናት

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ጥሩ ወሬ ነው የያዛችሁት።

የእኔ የመጨረሻ ልጅ ፖሊስ ነው። ገና ወጣት ነው። ቤት ሲመጣ ፊቱን አየዋለሁ። አንዳንድ ቀን አይናገርም። ምን አየህ ስለው ምንም ይለኛል። እህሉን ገፍቶ ይተኛል። ይሄ የምትሉት ሰው እናትም እንደኔ ፊቱን ታይ ነበር? አባትየው ጄኔራል ናቸው አላችሁ። ልጁ እንደሳቸው እንዲሆን ገፍተውት ይሆን? እኛም አገር አለ ይሄ ነገር። አባት ወታደር ከሆነ ልጁም ወታደር፣ አባት ነጋዴ ከሆነ ልጁም ሱቅ። ልጁ ምን ይፈልጋል የሚል የለም።

ሽማግሌው ጋሼ፣ እርስዎን ልጠይቅ። ልጄን ምን ላድርገው?

ጡረተኛው ፖሊስ

እመቤቴ፣ ልጅዎ ዝም ማለቱ የክፋት ምልክት አይደለም። ይህን በመጀመሪያ ልንገርዎ። የአደጋ ሬሳ አንስቶ የመጣ ልጅ እራት ላይ አያወራም። አይጫኑት። ግን ብቻውንም አይተዉት። ሻይ አፍልተው አጠገቡ ይቀመጡ። አንድ ቀን ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛው ነገር የእርስዎ ሥራ አይደለም፣ የአለቆቹ ነው። ስለ ስታንደር ሳነብ እኔን ያስቆጣኝ ይሄ ነው። ለሦስት ዓመት አንድ መኮንን በሥራ ሰዓቱ ይወጣል፣ ይገባል። የት ነበርክ የሚለው የለም። በሥራ ቀን ደርባን ሄዶ ይመለሳል። ከደመወዙ በላይ ያወጣል። አለቃ ምን ይሠራል? የእኔ አለቃ ጨካኝ ሰው ነበሩ፤ እንወዳቸው አልነበረም። ግን ጫማህ አዲስ ከሆነ «ከየት?» ይሉ ነበር። ያኔ እንናደድ ነበር። ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አንድ ጥሩ አለቃ ካለው ልጅዎ ደህና ነው። ስለ አለቃው ይጠይቁት። ሲያወራ ፊቱ ከበራ አይስጉ።

የመጋላ እናት

እድሜ ይስጥዎ። ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።

ጠበቃ ከሐረር

ከሐረር ነኝ፤ ክሩን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ከሕግ አንጻር አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፤ እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ሕግ ቢታይ ምን ይሆን ነበር የሚለውን።

የ1996ቱ (በእኛ አቆጣጠር) የወንጀል ሕጋችን ውንብድናን በአንቀጽ 670፣ ከባድ ውንብድናን በ671 ያስቀምጣል። መሣሪያ ይዞ፣ በቡድን ሆኖ የሚደረገው ወደ 671 ይሄዳል። 75 ዓመት የሚል ፍርድ ግን እኛ ጋ አይኖርም። ጽኑ እስራት ጣሪያው 25 ዓመት ነው። ከዚያ በላይ ዕድሜ ልክ ነው የሚመጣው።

ፖሊስ መሆኑስ? አንቀጽ 84 ቅጣት የሚከብድባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ሥልጣንን ወይም የተሰጠን አደራ አለአግባብ መጠቀምን ያነሳል። ስለዚህ ካሸሯ የተናገረችው ስሜት ብቻ አይደለም። ሕጉም የሚያየው ነገር ነው። ከተራ ሌባ እኩል አይቀጣም።

የቀፊራው ላነሳው ደግሞ ሕጉ በሩን አልዘጋም። አጥፊው ወደ ወንጀሉ የገባበት ምክንያት፣ የአእምሮው ሁኔታ፣ የቀድሞ ጠባዩ በቅጣት ማቅለያነት ይታያል። ስታንደር ቴምቢሳን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል፤ ዳኛ ይሰማዋል፣ ይመዝነዋል። ከጥፋተኝነት ግን አያወጣውም። ማቅለያ ሌላ፣ ነጻ መውጣት ሌላ።

አገር ጥሎ ስለመሸሽ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሕጋችን አንቀጽ 21 መሠረት ኢትዮጵያዊ ለውጭ አገር ተላልፎ አይሰጥም። ይሄ ማለት ግን ያመልጣል ማለት አይደለም። እዚሁ በእኛ ፍርድ ቤት፣ በእኛ ሕግ ይዳኛል። የውጭ ዜጋ ከሆነ ግን ስምምነት ወይም ልማድ ካለ ተላልፎ ሊሰጥ ይችላል።

ሳቢያን

ጠበቃችን እናመሰግናለን። ሦስተኛው ሰውዬ፣ ግሪክ የገባው ሃይልስ? ተያዘ ወይስ አመለጠ?

የከዚራ ልጅ

ተያዘ። ከግሪክ ወደ እንግሊዝ ሄደ። እዚያም ዝርፊያ ውስጥ ገባና ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። ያን ከጨረሰ በኋላ ለደቡብ አፍሪካ ተላልፎ ተሰጠ። እዚያ ደግሞ 33 ዓመት ፈረዱበት። በ2005 በአመክሮ ወጣ። ከሦስቱ ያንን ሁሉ አልፎ በሕይወት የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። ሲገባ የነበረችው ደቡብ አፍሪካና ሲወጣ ያገኛት አንድ አይደሉም፤ አፓርታይድ ራሱ የለም።

ጠበቃ ከሐረር

ይሄ ያልኩትን ጥሩ ያሳያል። እንግሊዝ በቅድሚያ በራሷ ምድር ለተፈጸመው ቀጣችው፤ ከዚያ ለጠያቂው አገር ሰጠች። አንዱ ቅጣት ሌላውን አያጥብም።

የቀፊራው

ጋሼ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አለቃው የት ነበር ያሉት ነገር የእኔንም ጥያቄ ይመልሳል። ቴምቢሳ ላይ ሄደው የመጡ ልጆችን ማንም ምን አያችሁ አላላቸውም። ምን ሠራችሁ ብሎም የጠየቃቸው የለም። መጠየቅ የሌለበት ቤት ነበር። ስታንደር ከዚያ ቤት ወጣ። ዘራፊነቱን ለካሸሯ እተዋለሁ፤ የምትለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምቆጣው ግን በዚያ ቤት ላይም ጭምር ነው።

ከጄፒ ተመላሽ

በዚህ ተስማማን። ግን ቴምቢሳን ካነሳን የሞቱትን እናንሳ። እኔ እዚያ የሄድኩት ዕቃ ላደርስ ነበር። አንድ ጥቁር ሽማግሌ ደንበኛዬ ስለ 1976 ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ። የጎረቤታቸውን ልጅ ስም ይጠሩ ነበር፣ ትምህርት ቤቱን ይጠሩ ነበር። ስታንደር የሚባል ስም ከአፋቸው አልወጣም። እኔም ይህን ሰው ያወቅሁት ከዚህ ክር ነው። ነጩ ዘራፊ ዓለም ያውቀዋል፤ የእነዚያን ልጆች ስም የሚያውቀው ሠፈራቸው ነው።

ካሸሯ

እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። የከዚራ ልጅ፣ ስለ ሰውየው ይበቃናል። ከቻልክ በሚቀጥለው ስለ ሶዌቶና ስለ ቴምቢሳ ተማሪዎች ጻፍልን። ከጄፒ ተመላሽ ያግዝሃል።

የከዚራ ልጅ

እሺ እህቴ። ከጄፒ ተመላሽ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ሽማግሌው የነገሩህን ከአንተ ልስማ። ጋሼም ስለ ለገሃርና ስለ ደወሌ ዘመን ለብቻው ክር ቢከፍቱልን ሁላችንም እናነባለን።

ጡረተኛው ፖሊስ

እከፍታለሁ። የልጅ ልጄ ትጽፍልኛለች።